ዱካኩን ሻይ የጋበዘው ወንድማችን

ከሚሴ፣ ነሐሴ

ውድ ወንድሜ ሙሀመድኑር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አከም ጅርታ፣ እንዴት ነህ? ልጆቹ፣ ሚስትህ፣ የሎግያ ሙቀት፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል አይደለም። ዛሬ ቆም ብለህ ስማኝ። አይ፣ ተቀመጥ። ተቀምጠህ አንብበው።

በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። አንተ ግን «ጋሼ ኑርሁሴን» ብዬ ስጀምር «ኔትወርክ የለም ዓፊያ፣ ይቆራረጣል» ትልና ትዘጋዋለህ። የሎግያ ኔትወርክ የሰርግ ወሬ ሲሆን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የታላቅ ወንድምህ ወሬ ሲሆን ይቆራረጣል። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ደብዳቤ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ሾፌሩ አሚር መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ ያደርስልሃል። «አንብቦ እስኪጨርስ ፊቱ ቁም፣ ቢዘልል ንገረኝ» ብዬዋለሁ።

በወጉ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ ነበር፤ አልቻልኩም፣ አፌ ሊፈነዳ ነው። ጋሼ ጫት ተወ!

ወላሂ ተወ። አውቃለሁ፣ አሁን ከንፈርህን ጠመም አድርገህ «እስከ መጪው ሐሙስ ነው» እያልክ ነው። እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ግን ስንት ሐሙስ አለፈ! ስንት የወዳጃ ዱዓ፣ ስንት ኒካህ፣ ስንት ሰደቃ አለፈ! አንዲት ቀንበጥ በአፉ አልገባችም። ቆይ ሁሉንም ልንገርህ፤ ሱቁን ዘግቻለሁ፣ ደንበኛ እያንኳኳ ነው፣ ያንኳኳ።

የእማዬ ሰደቃ ዕለት የሆነውን እኔም አልረሳሁትም። ጋሼ እንደ ልማዱ ከትሪው ላይ ጫቱን አንስቶ፣ መርቆ፣ ለየሰዉ ሲያድል አንተ ጋ ደረሰ፤ አንተ እጅህን አልዘረጋህም። «ጋሼ፣ ይኸ ቅጠል ልብህን እየበላው ነው። ተቀምጠህ ያልብሃል፣ ሳትሮጥ ያለከልክሃል። እስክትተወው ድረስ ይኸን ደጅ አልረግጥም» አልከው፣ በሰው ፊት። እሱም በሰው ፊት «ያለ ጫት ዱዓ መርቶ የሚያውቅ ማን ነው? በል ና አንተ ምራውና እንይህ!» አለህ። ሰው ሳቀ። አንተ ጫማህን አነሳህ። ከዚያ ወዲህ ሁለታችሁም ቃላችሁን ጠበቃችሁ፣ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ ስደውልልህ «ጋሼም ሰላም ብሎሃል» የምልህ ሁሉ የራሴ ፈጠራ ነበር። እሱ አንድ ቀን እንኳ ሰላም በይልኝ ብሎኝ አያውቅም። ይኸን ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰንበቴ ገበያ ላይ ነው። ጋሼ በሬ ሊገዛ ሄዶ ከአንድ አፋር ጋር ሲከራከር ድንገት ልቡ ደረቱን ይደበድበው ጀመር። ላቡ ተንቆረቆረ፣ ዓይኑ ጨለመበት፣ የበሬውን ገመድ እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወድቆም ገመዱን አልለቀቀም፤ ሻጩም በሌላው ጫፍ አልለቀቀም፤ በሬው መሀል ቆሞ ሁለቱን ያያቸዋል አሉ። አሁን እንስቃለን እንጂ ያን ጊዜ «ኑርሁሴን ሞተ» የሚል ወሬ ነው የደረሰኝ። ነጠላዬን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ሐኪም ቤት ስደርስ ተጋድሞ አገኘሁት። ሐኪሙ ጢሙ ገና ያልበቀለ ልጅ ነው።

«አባ፣ የሚወስዱት ነገር አለ?»

«ምንም።»

«ሲጋራ?»

«አስተግፊሩላህ!»

«መጠጥስ?»

«አንተ ልጅ፣ ኑርሁሴን ነኝ እያልኩህ!»

«ጫትስ?»

ጋሼ ግራ ገብቶት አየው፤ ውኃ ይጠጣሉ ወይ የተባለ ያህል። «እሱማ ጫት ነው» አለ።

ልጁ ግን አልሳቀም። የደም ግፊቱ በጣም ከፍ ማለቱን፣ የልቡ ምት መዛባቱን ነገረን። «እንዲህ ከቀጠሉ ወይ በልብዎ ወይ በአንጎልዎ ውስጥ ያለ አንድ የደም ሥር አንድ ቀን እምቢ ይላል። መድኃኒቱን እሰጥዎታለሁ፤ ጫቱ ካልቆመ ግን መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም» አለ። አየህ፣ አንተ በሰደቃው ያልከውን ነው ያለው። ጋሼም ያንተ ቃል እንደሆነ ገብቶታል መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እናም አቆመ። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። በማግሥቱ ግን ሐራራው መጣ። ያዛጋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ነገር ይፈልጋል፤ ለምን ጮኽክ ብሎ ከአውራ ዶሮ ጋር ተጣልቶ ዋለ። ደግሞ አንድ ጠዋት ሚስቱ ዙቤይዳ ሱቄ ድረስ እየሮጠች መጣች። «ዓፊያ፣ ድረሽልኝ፣ ዱካክ ያዘው!»

ዱካኩን በእንቅልፉ እንዴት እንዳየው ራሱ ነገረን። ፊት የሌለው ሰውዬ ነው። ደረቱ ላይ ፊጥ ይልና እጁን ዘርግቶ «ድርሻዬስ? ድርሻዬን አምጣ!» ይላል። ጋሼ ልጩኽ ቢል ድምፁ አይወጣም፣ ልነሳ ቢል እግሩ አይታዘዝም። ይኸን ሲነግረን ያ ዳገት የሚያክል ሰው በሩን ዝጉልኝ ይል ነበር።

ሰፈሩ በአንድ ቃል ተስማማ። አባ ዓብዱን ታውቃቸዋለህ፣ የጫት በርጫ የሚባል የማያመልጣቸው፣ የጋሼ የዕድሜ ልክ ጓደኛ። «ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ፣ «ወዳጃውን ስለተወው ወዳጃው ተቆጣው። ዱዓ ያስፈልገዋል።» እኛም ምን አደረግን መሰለህ? ዱካኩን የሚያባርር ወዳጃ ጠራን። ለወዳጃውስ ምን አቀረብን? ጫት! ያውም ምርጥ የተባለውን። ጋሼ አንድ ቀንበጥ ቃመ፣ ሁለት ቃመ፤ ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ በራ፣ ጨዋታው መጣ፣ ሰውነቱ ቀና አለ። «አላሁ አክበር! ዱዓው ሰመረ!» አለ ሰው ሁሉ። እኔ ራሴ እጄን ዘርግቼ እያለቀስኩ አሚን ብያለሁ፣ ሙሀመዴ። እሳቱን ጋዝ አርከፍክፈን አጥፍተን፣ ተመሰጋግነን ወደየቤታችን ገባን።

ይኸን የሰማች አንዲት ልጅ ብቻ ናት የሳቀችው። የጎረቤታችን የዘሊካ ልጅ ሳቢራ፣ አንተ በትከሻህ ተሸክመህ ቦርከናን ያሻገርካት፣ አሁን የጤና መኮንን ሆና እዚሁ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ታሪኩን ስነግራት ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ከዚያ መሣሪያዋን አውጥታ የጋሼን ግፊት ስትለካ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ምንጣፉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

እኔ ማትሪክ ባይመጣልኝም አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ባዮሎጂ ላይ ስለ አንጎል የተማርነው ምዕራፍ ነበረ፤ ለፈተና ሸምድጄ በማግሥቱ የረሳሁት። ሳቢራ ስትናገር ግን ያ ምዕራፍ ተነስቶ ቤታችን የገባ መሰለኝ። እንደገባኝ ልንገርህ፣ ላንተም ይጠቅምሃል፤ እዚያ ሎግያ ሾፌሮቹ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው የሚውጡት ክኒን አለ አይደል? እሱም የዚሁ ዘመድ ነው፣ የባሰ ዘመድ።

እርጥቡ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ አለችን። ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ኃይሉን ያጣል። «ለምን ይመስላችኋል ጫት የጫነ መኪና እንደዚያ የሚበረው?» ስትል ጋሼና እኔ ተያየን። ስናኝከው ወደ ደም ይገባል፣ በደም ወደ አንጎል ይወጣል። አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚሉት መልእክተኛ አለ፤ ስትበላ፣ ልጅህን ስታቅፍ፣ ማሳህን አርመህ ስትጨርስ ጠብ እያለ «ጎሽ፣ ደግ አደረግህ፣ ቀጥል» የሚልህ እሱ ነው። ጫት ሲገባ ያ ጠብ ጠብ የሚለው በአንድ ጊዜ ይንዶለዶላል፣ ቶሎም አይሰበሰብም። ምርቃና የምንለው ይኸ ነው። ቁጭ ብለህ ፎቅ ትሠራለህ፣ መስኖ ታወጣለህ፣ ጠላትህን ይቅር ትላለህ። ታዲያ ያው ነገር ልብንም «ሩጥ» ይለዋል፣ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ረሃብን ዝም ያሰኛል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ጋሼ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ልቡ ግን ባቲ ድረስ ሮጦ ይመለስ ነበር፣ በየቀኑ። አንጎልም ጎርፉን ሲለምድ ጠብታው አይሰማው ይላል፤ ያኔ ሰው ያለ ጫት የልጁ ሳቅ እንኳ ደስ አያሰኘውም።

ጋሼ አላመናትም። «ኧረ ተይ ልጄ፣ ጫት ጉልበት ነው። ስንት ማሳ በጫት አርሻለሁ!»

«አባ፣ እርስዎ የበሬ ሰው ነዎት። በሬ ሲደክመው ምን ያደርጋሉ?»

«አሳርፈዋለሁ፣ ድርቆሽ እሰጠዋለሁ።»

«ባያሳርፉትና ቢገርፉትስ? አይሄድም?»

«ይሄዳል።»

«ያ የሄደበት ጉልበት ከየት መጣ?»

ጋሼ «ከራሱ» አለ።

«ከራሱ። ጅራፉ አንዲት ጭብጥ ድርቆሽ አልሰጠውም።»

ሙሀመዴ፣ ጋሼ በሬ ገርፎ እንደማያውቅ ታውቃለህ። በሬ የገረፈ እረኛ የሚያባርር ሰው ነው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ «ዱካክ የሚባል የለም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«አለ እንጂ። ከውጭ ግን አልመጣም። አንጎል ሲተኛ ሕልም የሚያይበት የራሱ ጊዜ አለው፤ ጫት ያን ጊዜ ያጠብበታል። እርስዎ ጨፋ ላይ የመስኖ ቦይ አለዎት፤ ለዓመታት ደፍነውት ኖረው አንድ ቀን ቢከፍቱት ውኃው እንዴት ሆኖ ይመጣል?»

«ድንጋዩንም ጭቃውንም ይዞ!» አለ ጋሼ፣ ነገሩ ገብቶት።

«ያ ነው ዱካክ። የተገደበ ሕልም ነው። ጥቂት ሳምንት ደፍርሶ ይፈሳል፣ ከዚያ ይጠራል። ድካሙም፣ ረሃቡም፣ ሆድ መባሱም እንደዚያው። አይፍሩት፣ መድኃኒትዎን አያቋርጡ፣ እኔም እየመጣሁ አይዎታለሁ።» ወጥታ ስትሄድ ደግሞ ከደጅ ተመለሰች። «ሐራራው የሚመጣው በለመደው ሰዓት ነው። አንጎል ሰዓቱንም፣ ምንጣፉንም፣ ጓደኛውንም ያስታውሳል። ከዙህር ሶላት በኋላ እዚህ ቦታ አይቀመጡ። ለእጅዎ ሥራ ይፈልጉለት።»

በማግሥቱ ጋሼ ምንጣፉን ጠቅልሎ ሰቀለ። አባታችን የተወውን የአልጋ እንጨት ከጓዳ አወጣ፣ የከብት ቆዳ አራሰ፣ ሰነጠቀ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አልጋ መጠፈር ያዘ። ጠፍሩን እየሳተ ራሱን ይረግማል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ግን አልተነሳም። አባ ዓብዱ ጫታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ብቅ ይላሉ።

«ኑርሁሴን፣ ከመቼ ወዲህ ነው ጠፍር የሚጠፍር ሰው የሆንከው? ዱዓውን ለማን ተውከው?»

«ሂድ አንተ! ጥላህ እንኳ ጫት ጫት ይሸታል።»

«አንዲት ቀንበጥ ብቻ። ለዱካኩ።»

«ዱካኩን ለእኔ ተወው።»

ዱካኩ አልቀረም፣ መጣ። ይኸን ክፍል ዙቤይዳ ጠዋት ስትነግረኝ ሱቁ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የሳቅኩት። ጋሼ በእንቅልፍ ልቡ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰማችው። «መጣህ? እንኳን ደህና መጣህ። ቁጭ በል። ጫት የለም። ሻይ ይምጣልህ?» ሲነሳ ጠየቀችው። ፊት የሌለው ሰውዬ እንደ ልማዱ ደረቱ ላይ ፊጥ አለና ድርሻዬን አለ። ጋሼ ግን በሕልሙ ውስጥ ሆኖ የሳቢራን ቦይ አስታወሰ። ሻይ ሲለው ሰውየው ግራ ገብቶት ከደረቱ ላይ ወረደ። «ስኳር ስንት ላድርግልህ ልለው ስል ነቃሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ ነበር፤ እየቀለለ፣ እየደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻ ቀረ። ሻይ የማይወድ ዱካክ ነበር ማለት ነው።

ቀላል ነበር ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። እንደተፈታ በሬ ተኛ፤ ሶላት ካልሆነ አይነሳም። ሲነሳ ይበላል፤ የሰባት ሰው ገንፎ ይበላል። አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት እንባው ይወርዳል፤ «እማዬን ቀብሬ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም» ይለኛል። ሳቢራ እየመጣች «ያልፋል አባ፣ እየጠገነ ነው» ትለዋለች። ከዕለታት አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ጠፍሩን እየሳበ ቀና አለና «ዓፊያ፣ ይኸ የሚሸተው ምንድን ነው?» አለኝ። ማዶ የታጨደ ሣር ነው። «የታጨደ ሣር እንዲህ ይሸት ነበር?» አለ። ይኸን ሲል ፊቱን ብታየው! ጠብታዋ ተሰማችው፣ ወንድሜ። ያቺ ጠብ የምትለው ተመለሰች።

ግን እውነተኛው ፈተና ገና ነበር። በሐምሌ ዝናቡ ቀረ። ጨፋ ላይ ማሽላው ጉልበት ደርሶ ጠወለገ፣ ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ተጠቀለለ። አገሩ ለዝናብ ዱዓ ትልቁ ዋርካ ሥር ሊሰበሰብ ተነጋገረ። ማን ይምራ? ድሮ ይኸ ጥያቄ አልነበረም። አሁን ግን ሰው ይንሾካሾክ ጀመር። «ኑርሁሴን ጫት ትቷል፤ ያለ ምርቃና ምኑን ዱዓ ይመራል? አገር በድርቅ ይለቅ እንዴ?» ለእሱም ነገሩት። ያን ዕለት ከሰዓት ሱቄ መጥቶ ቁጭ አለ። «ዓፊያ፣ እውነታቸውን ቢሆንስ? ቃሉ የሚመጣልኝ በጫት ቢሆንስ? ሰው መሀል ቆሜ ባዶ ብሆንስ?» አለኝ። በሰንበቴው ቀን እንኳ እንዲህ ፈርቶ አላየሁትም። አንዲት ቀንበጥ ቢያነሳ እንደሚመለስ ያውቃል፤ ባያነሳ ደግሞ የሚያፍር መሰለው። እኔ ወሬኛዋ «ሂድና እየው» ብቻ አልኩት።

ዕለቱ ደረሰ። ከዙህር በኋላ ዋርካው ሥር ሰው እንደ አሸዋ ፈሰሰ። አባ ዓብዱ በትልቅ ትሪ ጫት አምጥተው ፊቱ አስቀመጡ። መሪው የመጀመሪያውን አንስቶ፣ መርቆ፣ ማደል አለበት፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ሁሉም እጁን ያያል። እኔ ከሴቶቹ መሀል ቆሜአለሁ፤ ሳቢራ ክንዴን ጨብጣኛለች።

ጋሼ ተነሳ። ትሪውን አለፈው። ከዋርካው ጎን ወዳለው ማሳ ገባና የጠወለገ የማሽላ ቅጠል በእቅፉ ሙሉ ቆርጦ ተመለሰ። አንዷን አነሳ፣ መረቀ፣ ለአባ ዓብዱ ዘረጋላቸው። «ይኸን ያዝ። የምንለምነው ለዚህ ነው።» ከዚያ ለቀጣዩ፣ ከዚያ ለቀጣዩ፣ እስከ ሴቶቹ፣ እስከ ሕፃናቱ። ሰው ሁሉ የደረቀች ቅጠል ይዞ ቆመ። የማሽላ ቅጠል በእጅህ ስትይዛት እንዴት እንደምታንኮሻኩሽ ታውቃለህ። ያ ሁሉ ሰው ሲይዛት የተሰማው ድምፅ ብቻ ዱዓ ነበር።

ከዚያ አፉን ከፈተ። ሙሀመዴ፣ ምነው በነበርክ! አማርኛውን ከኦሮሚኛው እያቀላቀለ፣ ያ ወፍራም ድምፁ ሳይቆራረጥ፣ ሳያለከልክ፣ እንደ ቦርከና ሙላት ወረደ። ድሮ በምርቃና ሲመራ ያሳምር ነበር፤ ግን ይሳሳት ነበር፣ ሦስቴ ይደግም ነበር፣ የሰው ስም ይጠፋበት ነበር። ያን ዕለት ግን የታመመውን በስሙ ጠራ፣ የሞተበትን በስሙ ጠራ፣ ላሟ የጠፋባትን ባልቴት እንኳ ከነላሟ ጠራ። ሰዉ «አሚን!» ሲል ዋርካው ይነቃነቃል። ጭር ሲልም አንድ ነገር ጨመረ፦ «ያረቢ፣ እውነት ነግሮኝ ያሳቅኩበት ወንድም አለኝ። መንገዱን አቅናልኝ።»

ሕዝቡ አሚን አለ። ማንን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። እኔ አሚን ማለት አቅቶኝ ሳቢራ በእኔ ፈንታ ጮኸችልኝ።

ደግሞ ሳልነግርህ አላልፍም፤ ዱዓው ሲያልቅ አባ ዓብዱን ብናያቸው ቅጠላቸው የለም። «የታል?» ሲባሉ ለካ በልማዳቸው አኝከዋታል! ጉንጫቸው በማሽላ አብጧል። «እኔስ ምነው ዛሬ አልመረቀነኝም እያልኩ ነበር» ሲሉ አገሩ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሼም ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ዝናቡ ዘነበ ወይ ትለኛለህ። ያን ዕለት አልዘነበም። አንዲት ዳመና አልታየችም። የመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ሲመጣ ግን ሰማዩን አፍርሶ መጣ። አባ ዓብዱ በዝናቡ ቆመው «ጫት ቢኖርበት ኖሮ በዕለቱ ይመጣ ነበር» ብለዋል። ይበሉ። ማሽላው አሁን ከሰው ቁመት በላይ ነው። ጋሼም ከዋርካው ሥር እንደተመለሰ በላና በጠራራ ፀሐይ ተኛ፤ ማንኮራፋቱ ሱቄ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጬ ያን ማንኮራፋት እንደ መንዙማ አዳመጥኩት። ባለፈው ሳምንት ሳቢራ ለካችው። ግፊቱ ወርዷል፣ ልቡ ደንብ ይዟል። መድኃኒቱን አይተውም፣ ግን «ይኸ ልብ አሁን ይራመዳል እንጂ አይሮጥም» ብላናለች። እልልታዬን ሰምተው ጎረቤት ሙሽራ መጣች ብለው ወጡ።

አሁን ስለ አልጋዎቹ። የመጀመሪያዋ ጠማማ ሆና ዙቤይዳን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግድግዳ ስታንከባልላት አደረች። ሁለተኛዋን ለአባ ዓብዱ ሰጣቸው፤ እሳቸውም «እንቅልፍ የሌለው ሰው በአልጋ ምን ያደርጋል?» ቢሉም ወስደዋታል፤ ሰሞኑን ደግሞ ሳቢራን ስለ ዱካክ በሹክሹክታ ሲጠይቋት አይቻለሁ። ሦስተኛዋ ግን እንግዳ ቤት ናት። ጥብቅ፣ ቀጥ ያለች፣ ብትመታት እንደ ከበሮ የምትጮህ። ማንም አልተኛባትም። የዙቤይዳ ልጅ ሊቀመጥባት ቢል ጋሼ ከደጅ ሆኖ «ተነስ!» አለው። «የማን ናት?» ብለው «የእንግዳ» ይላል፤ የየትኛው እንግዳ እንደሆነ አይናገርም።

ትናንት ሄድኩና «ለሙሀመድኑር ደብዳቤ ልጽፍ ነው፤ የምትለው አለ?» አልኩት። ጠፍር እየሳበ ነበር፤ ቀና አላለም። እንደ ድሮው ዝም ይላል ብዬ ልወጣ ስል ጠራኝ።

«ሰላም በይልኝ። ‹ኮቱ፣ ና› ብሎሃል በይው።»

«ሌላስ?»

«አልጋው ተጠፍሯል በይው።»

እና ሙሀመዴ፣ ያንን ያዝልኝ ያልኩህን አሁን ልመልስልህ። ያ ሁሉ ያቀበልኩህ ሰላምታ የእኔ ነበር፤ ይኸኛው ግን የእሱ ነው፣ ከአፉ የወጣ። ደጁን አልረግጥም ያልክበት ምክንያት አሁን የለም፤ አንተም ቃልህን ሳታጥፍ፣ እሱም ሳያፍር፣ ሁለታችሁም አሸነፋችሁ። ለነገሩ ከሁሉ በላይ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ወንድም ነው ያገኘሁት። ከአሚር ጋር ተሳፍረህ ና። ያን ዕለት ሱቄን አልከፍትም፤ ከሚሴ መግቢያ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ ከሩቅ የምትሰማው ድምፅ እኔ ነኝ።

አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። አልጋዋን ከሌሎቹ ጋር አስተያየኋት። ረዝማለች። እማዬ ቤት ስትተኛ እግርህ ከአልጋው ወጥቶ ይንጠለጠል አልነበር? ማንም አላስታወሰውም፣ ማንም አልለካለትም። ቁመትህን ራሱ ያውቀዋል።

ነጋቲ፣ ኦቦሌሳ ኮ፤ ደህና ሁን ወንድሜ። አላህ በሰላም ያምጣህ።

ደንበኛ በር ላይ አቁማ የጻፈችልህ፣
እህትህ ዓፊያ